ጭጋግ ውስጥ የተነፋው ፊሽካ

ሬሳው የተገኘው ተንጋሎ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ ነው፤ ፊት ማለት ከተቻለ። አፍና አፍንጫው ተደፍጥጠው አንድ ሆነዋል። የፊት ጥርሶቹ ወደ ጉሮሮው ገብተዋል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰንጥቆ፣ ከጆሮው ሥር የወረደው ደም አንገትጌው ላይ ደርቋል። ከኮረብታው ጫፍ ዝቅ ብሎ በሁለት ቋጥኞች መሃል ባለ ጠባብ ስርጥ ውስጥ፣ ቦርሳውን በጀርባው እንዳዘለ ተቀርቅሮ፣ አንድ እግሩ ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር።

ያገኙት ሰዎች «አዳልጦት ወድቆ ነው» አሉ። ለማመን አያስቸግርም። የደሴቱ ኮረብታ ለእግር የሚሆን መንገድ የለውም፤ ከባሕሩ ዳር እስከ ጫፉ ድረስ ስለታም ድንጋይ፣ የሚቧጭር ቁጥቋጦና ድንገት አፉን የሚከፍት ገደል ነው። ጭጋግ ሲወርድበት ደግሞ የራስን እጅ ማየት ይቸግራል።

ኢንስፔክተሯ ከሰዓት በኋላ ከጀልባ ወርዳ፣ ሬሳው ወደተቀመጠበት የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል ገባች። የጎማ ጓንቷን አጥልቃ ጥቂት ጎንበስ ቀና ካለች በኋላ «ይህ ሰው አልወደቀም» አለች።

አብሯት የመጣው ሳጅን በሩ አጠገብ ነበር የቆመው፤ ከዚያ በላይ መቅረብ አልፈለገም። «እንዴት አለቃ?»

«የወደቀ ሰው ወይ በፊቱ ይመታል ወይ በጀርባው። ይሄኛው በሁለቱም ተመትቷል። መዳፎቹን ደግሞ እያቸው፣ አንድ ጭረት የለባቸውም። ሰው ሲወድቅ ቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነው። መጀመሪያ ከኋላ መቱት። ሲወድቅ ገልብጠው ፊቱን ቀጠቀጡት። ለመግደል የመጀመሪያው ምት ይበቃ ነበር።»



ኢንስፔክተሯ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች አጭር ሴት ናት። ጉልበቷ በቀዶ ጥገና ከተሰፋ ወዲህ ትንሽ ታነክሳለች፤ ሰው ሲያናግራት ከአፉ ይልቅ እጆቹን የማየት ልማድ አላት። የሟቹ የዝናብ ልብስ ዚፕ እስከ አገጩ ተዘግቷል። ቀስ ብላ ከፈተችው። ከሥሩ ቀይ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ደግሞ በገመድ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ የብረት ፊሽካ አገኘች። ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ንጹሕ ነው፣ ያብረቀርቃል።

ከዚያ ወደ ቦርሳው ዞረች። ብርቱካናማ የዝናብ ሽፋን ለብሷል። ሽፋኑን ከሥር የሚይዘው መንጠቆ በመሰበሩ፣ በእሱ ፈንታ ሲባጎ ታስሯል። ቋጠሮውን ዓይኗን ሳትነቅል አየችው፤ ሁለቴ ተጠምጥሞ በተቃራኒው አቅጣጫ የተቆለፈ፣ ድርቅ ያለ ቋጠሮ ነው።

«ፎቶ አንሳውና ማንም እንዳይፈታው» አለች።

ሟቹን ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው «ጭልፊት» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ተራራ የሚወጡ ሰዎች ማኅበር መሪ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ኮረብታ ላይ እሱ እየመራት የወጣች አንዲት ወጣት ወድቃ ስትሞት፣ በውሽንፍር መሃል ነፍሷ እስክትወጣ እቅፍ አድርጓት እንደቆየ፣ በኋላም ሬሳዋን በራሱ ጀርባ ተሸክሞ እንዳወረደ ጋዜጣ ሁሉ ጽፎለታል። ትናንት የተወጣውም ለእሷ የመታሰቢያ ድንጋይ ለማቆም ነበር። አብረውት የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ መምህርት የሆነችው ሚስቱ፣ አውቶቡስ ነጂ የሆነው የሚስቱ ወንድም፣ የሟቿ ወንድም የሆነው የእንስሳት ሐኪምና ኮረብታውን የሚያሳያቸው የደሴቱ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ።

ኢንስፔክተሯ በእንግዳ ማረፊያው የምግብ አዳራሽ፣ ወደቡን በሚያሳየው መስኮት ሥር ተቀምጣ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

ሽማግሌው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ።

«አባቴ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ምኑን ልንገርሽ ልጄ። ሲነሱም ተጣልተው ነው የተነሱት። ሾፌሩ ጀልባዬ ላይ ኮሌታውን አንቆ “ሁለተኛ እህቴን ብትነካ እገድልሃለሁ” አለው። ሟቹ አፉ ላይ በቦክስ አቀመሰው። ደም በደም ሆኑ። ገላጋይ የሆንኩት እኔ ነኝ።»

«ከዚያስ?»

«ግመሊት የምንላት ትልቅ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ጭጋጉ ወረደ። “ማንም ከዚህ ንቅንቅ እንዳይል” አልኩ። ጭልፊት መች ሰው ይሰማል። “ኮረብታውን እንደ ጓዳዬ ነው የማውቀው፣ እናንተ ጠብቁኝ” ብሎ ወደ ላይ ሄደ። ሾፌሩ እየተሳደበ ተከተለው። እህቱ ወንድሟን ልትመልስ ገባች። ዶክተሩም “ጠብ ሳይነሳ ልያዛቸው” ብሎ ሄደ። እኔ ከነውሻዬ ቀረሁ።»

«ያን ጊዜ ዝናብ ነበር?»

«ጠብታም አልነበረም። ሁሉም ከተበተኑ በኋላ ነው የወረደው።»

«ጭልፊት ሲሄድ ምን ለብሶ ነበር?»

«ያንን ቀይ ሹራቡን። የዝናብ ልብሱ ቦርሳው ውስጥ ነበር።»

«ማን ቀድሞ ተመለሰ?»

«ዶክተሩ። ውሃ ውስጥ የተነከረ ድመት መስሎ መጥቶ አጠገቤ ኩርምት አለ። ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ትንሽ እንደቆየን ከላይ ፊሽካ ተሰማ። ረጅም ነው፣ ደጋግሞ ነፋ። “ጭልፊት ነው፣ እየጠራን ነው” አልኩት። ብድግ ስንል ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ መጣ፣ መጨረሻ ላይ እህቱ።»

«ፊሽካ የነበረው ማን ነው?»

«ጭልፊት ለሁሉም አድሏቸው ነበር። ለእኔ እንኳ ሊሰጠኝ ነበር፤ ውሻ አይደለሁም አልኩት።»

ኢንስፔክተሯ ፈገግ አለችና ወዲያው «ከሁለት ዓመት በፊት የልጅቷን ሬሳ ያወረደው ማን ነበር?» አለች።

የሽማግሌው ጣቶች ኮፍያውን ጨመደዱት። «እኔና እሱ።»

«ሌላ የሚነግሩኝ አለ?»

«የለም» አለ፤ ዓይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነበር።

እሱ ሲወጣ ሳጅኑ ጠጋ አለ። «ፊሽካው ሲነፋ ዶክተሩና ሽማግሌው አብረው ነበሩ። ጭልፊት ያን ጊዜ በሕይወት ከነበረ፣ ሁለቱ ነጻ ናቸው። የቀሩት እህትና ወንድም ብቻ ናቸው።»

«ከነበረ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሾፌሩ የላይኛው ከንፈሩ አብጦ ገባ። ወንበሩን ስቦ ሳይታዘዝ ተቀመጠ።

«ገድለኸዋል?»

«አልገደልኩትም። ግን አልዋሽም፣ ሲሞት አላዘንኩም። ልንመጣ ስንል የእህቴን እጅ እንደ ጭራሮ ጠመዘዘው። የቀኝ አንጓዋ ተፈንቅሎ ነው የመጣችው። ምክንያቱን ታውቂያለሽ? ሻንጣ ስታዘጋጅ ካልሲውን ረስታበት።»

«ለምን ትታው አልሄደችም?»

«የት ትሂድ? አገር ሙሉ የሚያመሰግነውን ሰው ክፉ ነው ብትል ማን ያምናታል? የገዛ እናታችን እንኳ “ቻይው፣ ታላቅ ሰው ነው” ነው ያለቻት።»

«ጭጋጉ ውስጥ አገኘኸው?»

«ባገኘው ኖሮ ዛሬ የምታወሪው ሌላ ወሬ ነበር። ጠፋብኝ። ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቅሁ፣ ዝናቡ ወረደብኝ፣ ፊሽካ ሰማሁ፣ በሽማግሌው ውሻ ጩኸት መንገዴን አግኝቼ ወረድኩ።»

«ዝናብ ሲመጣ ቦርሳው ላይ ሽፋን የሚያለብስለት ማን ነው?»

«እህቴ ናታ። ቀኝ ትከሻው በቀዶ ጥገና የተሠራ ነው፣ እጁ ወደ ኋላ አይሄድለትም። ጎንበስ ቀና የምትለው ሁልጊዜ እሷ ናት።»

መምህርቷ ስትገባ ቀኝ እጇ እስከ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ለስላሳ ድምፅ አላት፣ ቃላቱን እየመረጠች ነው የምትናገረው። ባሏን ከግመሊት በኋላ እንዳላየችው፣ ወንድሟን ስትፈልግ ጠፍታ እንደቆየች ተናገረች።

«ፊሽካሽ የታለ ልጄ?»

«ጠፋብኝ።»

«የት?»

«አላውቅም... ኮረብታው ላይ ይሆናል።» ግራ እጇ ጉልበቷ ላይ ጭብጥ ሆነ።

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች። የመምህርቷ ቦት ጫማ በጭቃ ተለውሷል። ማሰሪያው ሁለቴ ተጠምጥሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ተቆልፏል። ሳጅኑም አየው። መምህርቷ እንደወጣች ትንፋሹን ለቀቀው።

«አለቃ፣ ያው ቋጠሮ ነው። ራሱ።»

«ያው ነው።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

«ዶክተሩን።»

የእንስሳት ሐኪሙ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ዓይኖቹ በለቅሶ ቀልተዋል። ግራ እጁን ሸሚዙ ደረት ኪስ ላይ እንደ ልብ ሕመምተኛ አሳርፎ ተቀመጠ።

«ከሟቹ ጋር ትቀራረቡ ነበር ይላሉ» አለችው።

«እንደ ወንድሜ ነበር። እህቴ እጁ ላይ ነው የሞተችው። በዚያ ብርድ ብቻዋን አልሞተችም፤ ሰው አቅፏት ነበር። ሁለት ዓመት እንቅልፍ ያስተኛኝ እሱ ነበር።»

«ነበር?»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «አሁን እሱም የለም» አለ ዝግ ብሎ።

«ከግመሊት ከተለያችሁ በኋላ አገኙት?»

«አላገኘሁትም። ዝናቡ ሲጠነክር ተመለስኩ። ሽማግሌው ምስክሬ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር ኢንስፔክተሯ ኮረብታውን ወጣች። መውጣት ማለት በአራት እግር መዳህ ነበር። ድንጋዩ እጇን ቆረጣት፣ ጉልበቷ እንደ ዛገ ማጠፊያ ተንቋቋ፤ ሳጅኑ «እኔ ላይልሽ» ሲል ዝም ብላ አለፈችው። ከሥራቸው ባሕሩ ገደሉን ይደበድባል። ሬሳው ከተገኘበት ስርጥ በላይ አንድ ወደ ፊት የወጣ ቋጥኝ አለ፤ ሥሩ ከዝናብ የሚያስጠልል ጉድብ ነገር ነው። እዚያ ስትደርስ ቆመች።

ከቋጥኙ ሥር በድንጋይ ካብ የተከበበች ትንሽ ቦታ አለች። ካቡ በነፋሱ በኩል ወፈር ብሎ እስከ ተቀመጠ ሰው ትከሻ ይደርሳል።

«የእረኞች መጠለያ ይሆን?» አለ ሳጅኑ።

«እረኛ ይህን አይሠራም። ድንጋዮቹን ተመልከት። የድንጋይ ሽበት፣ ያ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ግራጫ ቅርፊት፣ የሚበቅለው ወደ ብርሃን በዞረው ፊት ላይ ነው። የእነዚህ ግን አንዱ ወደ መሬት፣ አንዱ ወደ ውስጥ ዞሯል። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ተነቅለው የተደረደሩ ናቸው። አሁን ዙሪያውን እይ።»

ሳጅኑ አየ። ከካቡ ውጭ፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ መሬቱ ተልጧል፤ አንዲት ጠጠር እንኳ አልቀረችም። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ እንደ ልብ ነው።

«የሠራው ሰው መነሳት አይችልም ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «እጁ የደረሰበትን ብቻ እየሳበ ነው የካበው።»

 ነፋሱ ያፏጫል። ከዚያ ተንበርክካ ካቡን ድንጋይ በድንጋይ ፈተሸችው። ከላይ አንድ ድንጋይ ጎድሏል። ከሥሩ፣ በሁለት ሻካራ ድንጋዮች መሃል፣ ሰማያዊ የሱፍ ክር ተሰክቶ ቀርቷል። ሳጅኑ የጎደለውን ድንጋይ ከስርጡ አፍ አጠገብ ካለ ቁጥቋጦ ውስጥ አወጣው። ዝናቡ ላዩን አጥቦታል፤ ጎድጎድ ባለው ሆዱ ግን ደምና ፀጉር ተጣብቆበታል።

እኩለ ቀን ላይ አራቱም በምግብ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ሳጅኑ በሩን ዘግቶ ተደገፈው። ኢንስፔክተሯ የታመመ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ጭልፊትን የገደለው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው» ብላ ጀመረች። «ከፊሽካው እንነሳ። ሁላችሁም የሰማችሁት ዝናቡ ከወረደ በኋላ ነው። ጭልፊት ነፋው ብላችሁ አሰባችሁ። የእሱ ፊሽካ ግን ከዝናብ ልብሱ ሥር፣ ከሹራቡም ሥር ነበር፣ ዚፑም እስከ አገጩ ተዘግቷል። አፉ በደም ተሞልቶ ሳለ ፊሽካው ላይ አንድ ነጠብጣብ የለም። ስለዚህ የነፋው ሌላ ሰው ነው። ዶክተሩ የራሳቸውን ይዘዋል፣ ሾፌሩም ይዟል፣ ሽማግሌው ከመጀመሪያውም አልወሰዱም። የጠፋው የአንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ መምህርቷ ዞሩ። ሾፌሩ ብድግ አለ። «እሷን ተያት።»

«ተቀመጥ» አለችው። ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞራ «ልጄ፣ ገዳዩ ፊሽካ ነፍቶ ሰው አይጠራም። አንቺ ያገኘሽው ከሞተ በኋላ ነው። ሰው እንዲደርስልሽ ነፋሽ። ከዚያ ለምን አቆምሽ?» አለቻት።

 «በጀልባው ላይ የተባለው ትዝ አለኝ» አለች መምህርቷ። «እገድልሃለሁ ያለው። ሰው ከመጣ ወንድሜን ይይዙታል ብዬ ፊሽካውን ወደ ገደሉ ወረወርኩት።»

«እኔ ነኝ ብለሽ ነው?» አለ ሾፌሩ። ድምፁ ተሰበረ። «አንቺ ነሽ ብዬ አፌን የዘጋሁት እኔ ነኝ እኮ።»

«ፊሽካው ስለ ጭልፊት መኖር ምንም አይነግረንም» ስትል ቀጠለች ኢንስፔክተሯ። «እንዲያውም ሲነፋ ሞቶ ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ ግመሊት ሥር መቀመጥ ማንንም ነጻ አያወጣም። አሁን ወደ ቦርሳው። ጭልፊት ሲለያችሁ ዝናብ አልነበረም፣ በሹራብ ነበር። ሲገኝ የዝናብ ልብሱን ለብሶ፣ ቦርሳውን መልሶ አዝሎ፣ ቦርሳው ላይ ሽፋን ታስሮለት ነው። ትከሻው ወደ ኋላ አይዞርም። ስለዚህ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ አንድ ሰው ከኋላው ቆሞ አስሮለታል፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶት ቆሟል። እሱ ራሱ አፉን በቦክስ ለመታውና ሊገድለው ለዛተበት ሾፌር ጀርባውን ይሰጣል? አይሰጥም።»

«ሚስቱ...» አለ ሐኪሙ በቀስታ።

«እኔም መጀመሪያ እሷን አስቤ ነበር፤ ቋጠሮው ከጫማዋ ማሰሪያ ጋር አንድ ነው። ግን የቀኝ እጇ አንጓ ተፈንቅሏል። በአንድ እጅ እንዲህ ያለ ቋጠሮ አይጠብቅም። ልጄ፣ ትናንት ጠዋት ጫማሽን ማን አሰረልሽ?»

መምህርቷ ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ ሐኪሙ አየች።

«ቁስል የሚሰፉ ሰዎች ቋጠሮ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ክሩ ሲሳብ እንዳይላላ ሁለቴ ይጠመጠማል። ጉልበቴን ሲሰፉልኝ ዓይኔን አልነቀልኩም ነበር። ዶክተር፣ አላገኘሁትም ብለውኝ ነበር። አግኝተውታል። የዝናብ ልብሱን አልብሰውታል፣ ሽፋኑን አስረውለታል። ያን ጊዜ ገና እንደ ወንድም ይወዱት ነበር። ከዚያ ከቋጥኙ ሥር ተጠለላችሁና ካቡን አዩ።»

የሐኪሙ እጅ ደረቱ ላይ ጠበቀ።

«ጭልፊት በዚያ ጭጋግ ብቻውን ለምን ወጣ? ካቡን ሊያፈርሰው ነበር። የመታሰቢያ ድንጋይ ልናቁም እዚያው ድረስ እንውጣ ስትሉት እምቢ ማለት አልቻለም፤ ማንም ሳያየው ሊበትነው ጭጋጉ ተመቸው። ያ ካብ እህትዎ ወዲያው እንዳልሞተች፣ ማንም እንዳላቀፋት ይናገራላ። ዶክተር፣ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያውጡልኝ።»

ሐኪሙ አልተከራከረም። ከደረት ኪሱ ቀለሙ የደበዘዘ፣ አፈር የያዘ ሰማያዊ ሻርፕ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«እናቴ ነች የሠራችላት» አለ። «ነፋስ እንዳይገባባት በድንጋዮቹ መሃል ወትፋው አገኘሁት። “ይሄ ምንድን ነው?” አልኩት። መጀመሪያ አላውቅም አለ። ኮሌታውን ስይዘው ተናደደ። “በሕይወት ነበረች፣ ታዲያ ምን ላድርግ? እግሯ ተሰብሯል። ተሸክሜያት ብወርድ ሁለታችንም እናልቅ ነበር” አለኝ። “ስትጠራኝ እየሰማሁ ነው የወረድኩት፣ ለእኔ ቀላል መሰለህ?” አለኝ። ከዚያ “ብትናገር ማን ያምንሃል?” ብሎ ዞረ። ድንጋዩን ከካቡ ላይ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ሲወድቅ ገለበጥኩት። ያ አፍ እናቴን ያጽናናበት ነበር። እጅዋን ይዞ “ስምዎን እየጠራች ነው ያረፈችው” ያላት በዚያ አፍ ነው። እስኪጠፋ ድረስ መታሁት። ከዚያ ጎትቼ ስርጡ ውስጥ ጣልኩት።»

 ሽማግሌው ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጣቶቿን አይቻለሁ» አለ። ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። «ልናወርዳት ስንሄድ። ጥፍሮቿ ተልጠው አልቀው ነበር። እዚያው ገባኝ። እሱ “ለእናቷ ስትል ዝም በል፣ እውነቱ ይገድላታል” አለኝ። ዝም አልኩ።»

ሐኪሙ ከተቀመጠበት ተወርውሮ ሽማግሌውን ጉሮሮውን አነቀው። ወንበር ተገለበጠ፣ የመስኮቱ መስታወት በክርናቸው ተሰበረ፤ የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ሳጅኑ አንዱን ክንድ፣ ሾፌሩ ሌላውን ይዘው እየጎተቱ እንኳ ጣቶቹ አልላቀቁም። ሽማግሌው አልታገለም፤ እጆቹን ወደ ጎን ጥሎ ነበር። በመጨረሻ ሾፌሩ ከኋላ ወገቡን አቅፎ መሬት ላይ ጣለው፤ ከጣለው በኋላም አልለቀቀውም። «በቃ ወንድሜ፣ በቃ» ይለው ነበር፤ ሐኪሙ ተንሰቅስቆ እስኪያበቃ ድረስ።

ሳጅኑ ካቴናውን ሲያስገባለት፣ መስታወት ከቆረጠው የሐኪሙ እጅ ደም ይንጠባጠብ ነበር። መምህርቷ ተነስታ በግራ እጇ መሃረቧን ጠቀለለችበት። 

«እሱን በሕይወት ትቼው ለሰው ሁሉ ብናገር ኖሮ» አለ ሐኪሙ ወደ ጀልባው ሲሄዱ፣ ለኢንስፔክተሯ ብቻ እንዲሰማ፣ «ያምኑኝ ነበር?»

«ካቡን እኔ አይቼዋለሁ» አለችው። «አምንዎ ነበር።»

መልሱ ከካቴናው ይልቅ ከበደው። መርከበኞቹ ገመድ እስኪፈቱ ድረስ ቀና አላለም። «እናቴን ማን ይነግራታል?» አለ ከዚያ።

«እኔ።»

ኢንስፔክተሯ የእናቲቱን ቤት ያገኘችው በአንድ ፎቅ ሦስተኛ ወለል ላይ ነው። ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፈች፤ ግማሹ በጉልበቷ ምክንያት፣ ግማሹ የምትለውን ስላላወቀች። በሩን የከፈቱት ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት ናቸው። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የአንዲት ሳቂታ ወጣት ፎቶ አለ፤ ከጎኑ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው ዓይነት ፍሬም የጭልፊት ፎቶ ተሰቅሏል። ሁለቱም ላይ አቧራ አልነበረም።

እናቲቱ የደንብ ልብሷን አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ጭልፊት አንድ ነገር ሆነ እንዴ? ከሄዱ ጀምሮ ልቤ ፈርቶ ነበር። ምን አገኘው ልጄ?»

«ይቀመጡ እናቴ» አለች ኢንስፔክተሯ። ኮፍያዋን አውልቃ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ እጃቸውንም ያዘች። «ስለ ልጅዎ እውነቱን ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ከባድ ነው።»

«ስለ የትኛው ልጄ?»

«ስለ ሁለቱም» አለች።